የሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት እድሳት፦ ከሰኔ እስከ ኅዳር የተያዘ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቦታው አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚያስተምር አንድ ትምህርት ቤት ነው። ሥራው ነባሩን የሴቶች መጸዳጃ ቤት አድሶ፣ የወር አበባዋ የመጣባት ተማሪ ሞዴሷን ቀይራና ታጥባ ወደ ክፍሏ እንድትመለስ ማስቻል ነው። አዲስ ሕንፃ የሚቆምበት ቦታ ስለሌለ ያለውን ግድግዳ ይዘን ነው የገባነው። ተሠርቶ የፈረሰውም እዚህ ተጽፏል።

ሰኔ 25፣ 2017 ዓ.ም.

ሴት ተማሪ 340፣ የመጸዳጃ ክፍል 6። ከ6ቱ ክፍሎች 2ቱ ተቆልፈው መጥረጊያና ባልዲ ይቀመጥባቸዋል። በወረቀት አንዱ መቀመጫ ለ57 ልጅ፣ በተግባር ለ85 ልጅ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ለ25 ሴት ተማሪ 1 መቀመጫ ስለሚል 14 ያስፈልግ ነበር። በሜትር ስንለካ ሕንፃው ውስጡ 9.60 ሜትር ነው፤ ጫፍ ላይ ያለው የእንጨት መጋዘን ቢፈርስ 7 ተራ ክፍልና 1 ሰፊ ክፍል ይወጣዋል። 8 ሆነ። መለኪያውን አያሟላም፤ ያሟላል ብለን አንጽፍም።

የጎደለውን በሲሚንቶ መሙላት ካልተቻለ በሰዓት መሙላት ይቻላል። ረፍት 20 ደቂቃ ነው። ለሽንት ብቻ የገባች ልጅ በ2 ደቂቃ ትወጣለች፤ ሞዴስ የምትቀይር ግን ማውለቅ፣ መጠቅለል፣ መታጠብ፣ አዲሱን ማድረግና ልብስ ማስተካከል አለባት፤ 5 ደቂቃ ከፈጀባት ቀልጣፋ ነች። ደጅ ላይ ሰልፍ ካለ ደግሞ ሳትቀይር ትወጣለች። ስለዚህ ከአስተዳደሩ ጋር የተያዘው የመጀመሪያ ስምምነት ግንባታን አይመለከትም፦ በትምህርት ሰዓት «መውጣት እፈልጋለሁ» ያለች ልጅ ምክንያት ሳትጠየቅ ትወጣለች።

የቀን ተጠቃሚ ግምት፦ 7ኛና 8ኛ በሙሉ፣ 6ኛ ግማሽ ቢያዝ 200 ገደማ ልጆች የወር አበባ ያያሉ። ከ28 ቀን 5ቱን ብለን ስናሰላ በየቀኑ 36 ያህል ናቸው። ከጠዋቱ 2 እስከ 9 ሰዓት ተኩል ግቢ ውስጥ ስለሚቆዩ እያንዳንዷ አንዴ ወይም ሁለቴ ትቀይራለች፤ በቀን ከ36 እስከ 72 ያገለገለ ሞዴስ ይጠበቃል። ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቆ መቁጠር አያስፈልግም፣ አይገባምም።

ሰኔ 27

ሴት መምህራን ያለ ስም የሚሞላ ወረቀት በካርቶን ሳጥን ሰብስበውልናል። ጥያቄው አንድ ነው፤ «እዚህ መጸዳጃ ቤት እንዳትገቢ የሚያደርግሽ ምንድን ነው?» የሞዴስ እጥረት ቀድሞ ይመጣል ብለን ነበር። ቀድሞ የመጣው በሩ ነው። መቀርቀሪያ የለውም፣ ጓደኛ በሩን ይዛ መቆም አለባት፣ በስንጥቁ ያያሉ። ቀጥሎ ውሃ፤ ቧንቧው ያለው ውጭ፣ ወንዶቹ ከሚጠጡበት ጎን ነው። ሦስተኛው «የት እንጥለው?» ነው። የሥራው ቅደም ተከተል በዚሁ ተስተካከለ፤ ንድፉ ላይ በር መጨረሻ ላይ ነበር።

ሐምሌ 3

የሴፕቲክ ታንኩ (ከመሬት በታች ያለው የፍሳሽ ማጠራቀሚያ) ክዳን ተነሳ። የመምጠጫ መኪናው ሁለት ጊዜ ቱቦው ተዘግቶበት ቆመ። የወጣው ነገር ሞዴስ፣ የተቀደደ ጨርቅ፣ ካልሲ፣ ፌስታልና እስክሪብቶ ነው።

ልጆቹ ላይ የሚፈረድበት ነገር የለም፤ ክፍሎቹ ውስጥ ቅርጫት አልነበረም። ያገለገለ ሞዴስ በእጇ ይዛ ግቢ አቋርጣ ወደ ገንዳ የምትሄድ ልጅ አትገኝም። ሞዴስ ውስጡ ውሃ ሲያገኝ ወደ ዝልግልግ ነገር የሚለወጥ ዱቄት አለው፣ ጀርባው ፕላስቲክ ነው። ታንክ ውስጥ አይበሰብስም። አብጦ ይንሳፈፋል፣ ከላይ ካለው ቅባትና አረፋ ጋር ተጋግሮ የመውጫውን ቱቦ ይደፍናል። ታንኩ ሞላ ተብሎ በተደጋጋሚ መኪና የሚጠራው አንዳንዴ በዚህ ነው፤ የሞላ ሳይሆን የታፈነ ታንክ ነው።

የመግቢያውም የመውጫውም ቲ (የ«T» ቅርጽ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ተሰብሮ ስለነበር በ110 ሚ.ሜ. ፒቪሲ ተተካ። ከታንኩ በፊት ቆሻሻ የሚይዝ የብረት ወንፊት እናድርግ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ተጣለ። ወንፊት ሰገራንም ይይዛል፤ በየቀኑ በእጅ የሚያጸዳው ሰው ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ሳምንት ቢቀር ሁሉም ክፍል ወደ ኋላ ይመለሳል። መፍትሔው ከታንኩ በፊት፣ መጸዳጃ ክፍሉ ውስጥ ነው።

የጣሪያ ውሃ በአሮጌ አሸንዳ ወደ ማንሆሉ ይገባ ነበር። በክረምት ይህ ብቻውን ታንክ ይሞላል። አሸንዳው ተለይቶ ወደ ጎርፍ መውረጃው ዞረ።

ሐምሌ 8

ፈረሳው አለቀ። አሁን የፍሳሽ ቦይ ጉዳይ፤ ብዙ ሰው የማያየው ነገር ስለሆነ እዚህ ረዘም እንላለን።

የድሮው አሠራር ወለሉ ላይ የፈሰሰውን ውሃ ከበሩ ሥር አውጥቶ ኮሪደሩ ዳር ባለ ክፍት ቦይ ይወስድ ነበር። ለአጣቢ ይመቻል፣ አንድ ጊዜ ውሃ ሲለቀቅ ሁሉም ይጠረጋል። ለተማሪዋ ግን ታጥባ ያፈሰሰችው ቀይ ውሃ ከበሩ ሥር ወጥቶ ሰልፍ የያዙት ፊት ያልፋል፤ ቦዩም ግንብ ተሻግሮ ወንዶቹ በሚያልፉበት በኩል ይወጣ ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ቧንቧ ቢገባም አትታጠብበትም።

አዲሱ አሠራር፦ እያንዳንዱ ክፍል የራሱ የወለል ፍሳሽ መቀበያ ከነሽታ መከላከያው አለው፤ ወለሉ ከበሩ ወደ ኋላ በ2 በመቶ ይዘቀዝቃል፣ ማለት በ1.40 ሜትር ጥልቀት 2.8 ሳ.ሜ.። በሩ ሥር 2 ሳ.ሜ. ከፍታ ያለው ደፍ ተሠርቷል፤ ውሃ አይወጣም። ሰፊው ክፍል ላይ ግን ደፍ የለም፤ ተሽከርካሪ ወንበር ይሰናከላል፤ እዚያ ዝቅዝቃቱ ብቻ ነው የሚይዘው። ዋናው የፍሳሽ መስመር 110 ሚ.ሜ.፣ 12 ሜትር ርዝመት፣ 24 ሳ.ሜ. ውድቀት። ክፍት ቦይ የለም።

ሐምሌ 15

ግድግዳ። መከፋፈያው ባለ 10 ብሎኬት፣ ከፍታው 2.20 ሜትር። ክፍሉ 1.00 በ1.40። የቀድሞው 85 ሳ.ሜ. ነበር፤ ጎንበስ ስትይ ጀርባሽ በሩን የሚነካበት። ከ2.20 በላይ እስከ ጣሪያው ለአየር ክፍት ነው። 1.80 በቂ ነው ያለ ነበር፤ ከጎን ክፍል ባልዲ ገልብጦ ለቆመ ሰው 1.80 ምንም አይከልልም።

ብርሃን፦ በየክፍሉ አናት አንድ ብርሃን አሳላፊ ቆርቆሮ። ልብሷን ደም መንካት አለመንካቱን ለማየት ብርሃን ያስፈልጋታል። መብራትም ይገባል፣ ግን በመብራት ብቻ አንተማመንም።

ሐምሌ 22

ውሃ። ግቢው በፈረቃ የሚያገኘው በሳምንት 2 ቀን፣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ሒሳቡ እንዲህ ተሠራ፦ መቀመጫው ውሃ እየተደፋበት የሚሠራ ስለሆነ በልጅ 3 ሊትር ለመድፊያ፣ 2 ሊትር ለእጅና ለመታጠቢያ። 340 በ5፣ በቀን 1,700 ሊትር። ረጅሙ ክፍተት 3 የትምህርት ቀን ነው፣ 5,100 ሊትር። መሬት ላይ 5,000፣ ከላይ 2,000 ሊትር ሮቶ አስገባን። የላይኛው ሮቶ ከቀን ፍጆታ እንዲበልጥ የተደረገው መብራት ቢጠፋ ፓምፑ ሳይነሳ አንድ ቀን እንዲያደርስ ነው።

ከምገባው ወጥ ቤት ሮቶ ጋር አልተገናኘም። ሁለቱ ቢገናኙ ድስትና ሳህን የሚታጠብበት ሰዓት የልጆቹን ውሃ ይጨርሰዋል፤ ወጥ ቤት ውሃ ሲያጣ ጩኸት ይሰማል፣ መጸዳጃ ቤት ሲያጣ ግን ማንም አይጮህም።

ስለ ሮቶ መቆሚያ፦ 5,000 ሊትር ውሃ 5 ቶን ነው። የኮንክሪቱ መደብ ከሮቶው ግርጌ በየጎኑ 10 ሳ.ሜ. መብለጥ አለበት፤ ጠርዙ አየር ላይ ከቀረ ፕላስቲኩ እዚያ ጋ ያብጥና ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው መደብ ላይ ጠጠር አፍጥጦ ስለነበር ሊሾ ተደርጎ እንደገና ተስተካከለ። የላይኛው ሮቶ በ3 ሜትር የብረት መቆሚያ ላይ ነው። ቧንቧዎቹ ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ስለሆኑ ግፊቱ 0.24 ባር ብቻ ነው። ትንሽ ነው፤ ለዚህ ነው ዋናው መስመር ባለ 32 ሚ.ሜ.፣ ቅርንጫፉ ባለ 25፣ የመጨረሻዋ ቁራጭ ብቻ ባለ 20 ፒፒአር (በሙቀት የሚገጣጠም የፕላስቲክ የውሃ ቱቦ) የሆነው። ሁሉንም በ20 ብናደርገው ኖሮ 8 ቧንቧ አብሮ ሲከፈት የመጨረሻው ክፍል ይንጠባጠብ ነበር።

ለፓምፑ የታችኛው ሮቶ ውስጥ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ገብቷል፤ ውሃው ከወለሉ 30 ሳ.ሜ. ሲደርስ ያጠፋዋል። ያለዚህ ፈረቃው የዘገየ ቀን ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ይቃጠላል።

ሐምሌ 28

የፒፒአር ፍተሻ። ግድግዳው ከመለሰኑ በፊት በእጅ ፓምፕ ግፊት ተሰጠው፣ ሁለት መገጣጠሚያ አንጠባጠበ። ማሽኑ 260 ዲግሪ መድረስ ሲገባው የመብራቱ ኃይል በወረደ ሰዓት ሳይደርስ ተሠርቶበታል። ሰዓቱም በዓይን ነበር። ባለ 20 5 ሴኮንድ፣ ባለ 25 7፣ ባለ 32 8 ሴኮንድ ነው መሞቅ ያለበት። ሌላ አንድ መገጣጠሚያ አላንጠባጠበም፣ ውሃ ግን አያሳልፍም። ሲቆረጥ ከልክ በላይ ሞቆ የቀለጠው ፕላስቲክ ወደ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳውን እርሳስ የማያስገባ አድርጎታል። የባለ 20 ቱቦ ውስጡ ለነገሩ 13 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። በከተማ መስመር ግፊት ይህ ላይታወቅ ይችላል፤ በ0.24 ባር ግን ቧንቧው ሞተ ማለት ነው። ሦስቱም ተቆርጠው ተቀየሩ። ፀሐይ የሚያገኘው የውጭ ቱቦ በፒቪሲ ተሸፈነ፤ ፒፒአር ፀሐይ አይችልም።

ነሐሴ 5

መቀመጫና ወለል። መቀመጫው ቁጢጥ የሚባልበት ሴራሚክ፣ ከሲፎኑ (ሽታ ከሚያግደው ጥምዝ ቱቦ) ጋር። ማጠራቀሚያ ታንክ ያለው ተቀማጭ ዓይነት አልተመረጠም፤ የውስጥ ዕቃው ተሰባሪ ነው፣ አንድ ጊዜ ሲለቀቅ የሚወስደው ውሃም በፈረቃ ለሚኖር ግቢ ይበዛል። ተቀማጭ የገባው ሰፊው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

የወለሉ ሴራሚክ የማያንሸራትት፣ ነጣ ያለ ግራጫ፤ 27.5 ካሬ ላይ ለብክነት 10 በመቶ ገደማ ተጨምሮ 30 ካሬ ተገዛ። ጥቁር ቡናማ ይሁን፣ እድፍ አያሳይም የሚል ክርክር ነበር። እድፍ የማያሳይ ወለል የማይታጠብ ወለል ነው።

ሦስት ክፍል ላይ ሴራሚኩ ወደ በሩ ዘቅዝቆ ተነጠፈ፤ ሠራተኛው እንደለመደው ነው የሠራው። ባልዲ ውሃ ተደፍቶ ታየና ተነሥቶ እንደገና ተሠራ። ዝቅዝቃትን ሴራሚክ ከመጣበቁ በፊት በውሃ መፈተን የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ከተጣበቀ በኋላ ሁለት ቀን ይበላል፣ 4 ካሬ ሴራሚክም ተሰበረ።

ነሐሴ 14

በሮች። ፍሬሙ አርኤችኤስ (ውስጡ ክፍት የሆነ ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) 30 በ30 ሚ.ሜ.፣ ልባሱ ባለ 1.5 ሚ.ሜ. ላሜራ። እንጨት በዚህ እርጥበት አብጦ አይዘጋም። ስፋት 70 ሳ.ሜ.፣ ወደ ውጭ የሚከፈት፤ ወደ ውስጥ ቢከፈት ቅርጫቱንና ልጅቷን ይገፋል። ከታች 5 ሳ.ሜ. ክፍተት ለአየር፤ ከዚያ ከበለጠ ጎንበስ ያለ ሰው ያያል። በማጠፊያው በኩል ያለው ስንጥቅ 1 ሳ.ሜ. ያህል ስለነበር ከውስጥ 3 ሳ.ሜ. የላሜራ ቁራጭ ተበይዶበት ተሸፈነ። ልጆቹ በወረቀት የጻፉት ስንጥቅ ይኸው ነው፤ ዋጋው ከቁርጥራጭ ላሜራ አይበልጥም።

የበሩ ታችኛ ጠርዝ በሽንትና በበረኪና ስለሚበላ ከቀለም በፊት ሁለት ጊዜ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ) ተቀባ፣ የቱቦው ክፍት አፍም ተበይዶ ተደፈነ። አፉ ክፍት ከቀረ ውሃ ውስጥ ገብቶ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከውጭ ቀለሙ እንዳማረበት ይቆያል።

መቀርቀሪያ፦ ባለ 10 ሳ.ሜ. ወፍራም ብረት፣ በጥቃቅን ብሎን ሳይሆን ላሜራውን አልፎ ከጀርባ በተጠበቀ ቡሎን። የሚገባበት ቀዳዳ ከመቀርቀሪያው 3 ሚ.ሜ. ሰፋ ተደርጓል፤ በር ከጊዜ ጋር ይወርዳል፣ ልክክ ያለ ቀዳዳ ከወር በኋላ አይገጥምም።

ሰፊው ክፍል በር 90 ሳ.ሜ. ነው። የመግቢያው ከፍታ 36 ሳ.ሜ. ስለሆነ በ1 ለ12 ሒሳብ መወጣጫው 4.32 ሜትር ሆነ፤ ኮሪደሩ ዳር ታጥፎ ነው የተቻለው። ውስጡ ተሽከርካሪ ወንበር የሚዞርበት 1.50 ሜትር፣ የእጅ መያዣ ብረት፣ መቀመጫ አግዳሚ፣ ዝቅ ያለ ቧንቧ። ልብሷ የነካባት ልጅም የምታጥበውና የምትቀይረው እዚሁ ነው። ለአካል ጉዳተኛ የተሠራ ክፍል ቶሎ መጋዘን ስለሚሆን ለዕቃ ማስቀመጫ ከደረጃው ሥር ሌላ ቁም ሳጥን ተሠራ፤ ለመጥረጊያው ቦታ ካልተሰጠው ራሱ ቦታ ይይዛል።

ነሐሴ 21

ጥቃቅኑ ዕቃ፤ ሥራው የሚለካው በዚህ ነው። በእያንዳንዱ ክፍል፦ ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ላይ ቧንቧ፣ 5 ሊትር ባልዲ፣ በሰንሰለት የታሰረ ጆግ፤ 15 በ30 ሳ.ሜ. መደርደሪያ በ1 ሜትር ከፍታ፤ በ1.40 ላይ ድርብ መስቀያ። መስቀያው በሩ ላይ አይደለም፣ ከላይ እጅ ገብቶ ቦርሳ ይወስዳል፤ የኋላ ግድግዳው ላይ ነው። መደርደሪያ የሌለበት ክፍል ውስጥ ልጅቷ አዲሱን ሞዴስ የምትይዘው በጥርሷ ነው፤ ወለሉ እርጥብ ነውና።

መጠቅለያ፦ ያገለገለ ወረቀት በግማሽ ተቆርጦ በሽቦ ተንጠልጥሏል። የድሮ ፈተና ወረቀት ሞልቷል፤ ስምና ውጤት ያለበት ራስጌ መቆረጥ እንዳለበት ግን ጽፈን ለጥፈናል።

መስታወት 40 በ120 ሳ.ሜ.፣ መውጫው ጋ፣ ከመሬት 60 ሳ.ሜ. ተነሥቶ። ፊት ማያ ትንሽ መስታወት ጥቅም የለውም፤ የምታየው የቀሚሷን ጀርባ ነው።

ሳሙና፦ ደረቅ ሳሙና ይጠፋል። 1.5 ሊትር ሀይላንድ ላይ 2 የሾርባ ማንኪያ ኦሞ በውሃ ተበጥብጦ፣ ክዳኑ በሚስማር ተበስቶ ላቫንዲኖው ላይ ታስሯል። ማንም አይሰርቀውም።

ነሐሴ 26

አወጋገድ። ሦስት መንገድ ታየ።

አንደኛው ግድግዳ በስቶ ከውጭ ወዳለ ማቃጠያ የሚጥል ቱቦ ነው። ተተወ። በወረቀት የተጠቀለለ ሞዴስ በ110 ቱቦ አይወርድም፣ ይሰካል፤ ሰፊ ቱቦ ደግሞ ጭሱንና ሽታውን ወደ ክፍሉ ይመልሳል። ሁለተኛው ግቢ ጥግ የጡብ ማቃጠያ ነው። እርጥብና ፕላስቲክ ያለው ነገር በደንብ የሚቃጠለው ከ800 ዲግሪ በላይ ነው፤ በእንጨትና በካርቶን የሚነሳ የጡብ ምድጃ እዚያ አይደርስም፣ የሚያወጣው መርዛማ ጭስ ነው። አራዳ ውስጥ ደግሞ ከአጥሩ ማዶ የሰው መስኮት አለ። ቦታ ሰፊ በሆነበት ገጠር ሌላ ሒሳብ ይሆናል።

የተመረጠው ሦስተኛው ነው፦ በየክፍሉ ባለ 12 ሊትር በእግር የሚከፈት የፕላስቲክ ቅርጫት፤ በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወፍራም ጓንት አድርጋ በድርብ ከረጢት ሰብስባ ታስራለች፤ ክዳን ባለው በርሜል ተቆልፎ ይቆይና ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢው ማኅበር በቀኑ ይሰጣል፤ ከዚያ ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ ረጲ የከተማው ቆሻሻ መድፊያ። 72 ጥቅልል በሩብ ሊትር ሲሰላ 18 ሊትር ነው፤ 8ቱ ቅርጫት 96 ይይዛል። በየቀኑ የሚወጣው ስለሚሞላ ሳይሆን ስለሚሸት ነው። ተዘዋዋሪ ክዳን አልተገዛም፤ በእጅ ይነካል፣ ይቆሽሻል፣ ከዚያ ማንም አይነካውም። ብረት ፔዳልም በአንድ ክረምት ይዝጋል።

ቅርጫት ማጠቢያ፦ መጀመሪያ ቀዝቃዛ ውሃና ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ ደም ያረጋዋል። ከዚያ 1 እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በ9 እጅ ውሃ። በረኪና ከአሲድ የመጸዳጃ ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህ ከዕቃ ቁም ሳጥኑ በር ውስጥ በትልቁ ተጽፏል፣ ሁለቱ ዕቃዎችም የተለያየ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ጳጉሜን 2

የድንገተኛ ሳጥን በሴት መምህራን ክፍል። ሞዴስ፣ ሦስት ቁጥር ፓንት፣ ሁለት የደንብ ልብስ ቀሚስ፣ የሚታሰር ከረጢት። ቁልፉ ሁለት መምህርት ጋ ነው፤ አንዷ ስትቀር ሳጥኑ እንዳይዘጋ። ስም የሚጻፍበት መዝገብ የለም፤ ሳምንት ሲያልቅ የቀረው ይቆጠራል፣ ያ ይበቃል። የህመም ማስታገሻ ሳጥኑ ውስጥ አይቀመጥም።

ስለሚታጠብ ሞዴስ ተጠይቀናል። ፍሬወይኒ መብራህቱ መቀሌ ላይ በማርያም ሳባ ፋብሪካ ያስለመደችው ዓይነት በደንብ ከተያዘ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል፣ ለቤተሰብ ወጪም ቀላል ነው። ግን ፀሐይ ላይ መስጣት ይፈልጋል፤ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ገመድ ላይ የምታሰጣ ልጅ የለችም። ስለዚህ ግቢው የሚያቀርበው ማጠቢያና ውሃ የማያፈስ ከረጢት ነው፤ ማድረቁ እቤት ነው።

መስከረም 15፣ 2018 ዓ.ም.

ሁለተኛ ሳምንት አገልግሎት። ቅርጫቶቹ ውስጥ የተገኘው ከግምታችን እጅግ ያነሰ ነው፤ በብዛት ያለው የቺፕስ ላስቲክ ነው። ታንኩ ተከፍቶ ታየ፣ ሞዴስ የለም። ወደ መቀመጫው አልጣሉም፤ ገና እዚህ አልቀየሩም ማለት ነው። ኮሪደሩ ላይ ለሌላ ቆሻሻ የሚሆን ትልቅ ቅርጫት ተጨመረ። ሴት መምህራን ለ5ኛና ለ6ኛ ክፍል ልጆች ባዶ ሰዓት ላይ ክፍሎቹን አስጎበኙ፤ ቅርጫቱ ምን እንደሆነ በሩ ላይ በተለጠፈ ሥዕል ብቻ የገባቸው ጥቂቶች ነበሩ።

መስከረም 23

ጠዋት የላይኛው ሮቶ ባዶ። የ4ኛው መጸዳጃ ክፍል ቧንቧ ውሃ በሌለበት ሰዓት ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀርቶ ሌሊት 2,000 ሊትር ፈሷል። ከዋናው መስመር ላይ ጌት ቫልቭ ነበር፣ የሚዘጋው ግን አልተመደበም። አሁን ጥበቃው 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ይከፍታል። ቧንቧዎቹ ተጭኖ ሲለቀቅ በሚዘጋ ዓይነት ይቀየሩ የሚል ሐሳብ መጣ፤ በ0.24 ባር ያ ዓይነት ቧንቧ ብዙውን ጊዜ በደንብ አይሠራም፣ አንድ ገዝተን ሞክረን መለስነው።

ጥቅምት 6

ሁለት ክፍል እንደገና ተቆልፎ ተገኘ። ምክንያቱ «ንጹሕ እንዲቆይ» ነው። የውጭ ቁልፍ ማንጠልጠያው ከ8ቱም በሮች በግራይንደር ተቆርጦ ተነሳ። ከሁሉም ማስተካከያ ፈጣኑ፣ 40 ደቂቃ።

የቅርጫቱ ይዘት በዚህ ሳምንት ጨምሯል። በቀን 20 ጥቅልል ያህል፤ ብዙው ከረፍት ሰዓት ውጭ ነው የሚጣለው፣ የሰኔው ስምምነት እየሠራ ነው። አንድ መምህር አሁንም «ለምን?» እያሉ እንደሚጠይቁ ተነግሮናል፤ ይህን የሚይዘው አስተዳደሩ ነው።

ኅዳር 3

የመጠባበቂያ ዕቃ ለጥገና ቁም ሳጥኑ ተገዝቷል፦ ቧንቧ 4፣ መቀርቀሪያ 3፣ ፔዳል ቅርጫት 2፣ ጆግ 6፣ የወለል ፍሳሽ ክዳን 3፣ የፓምፕ ተንሳፋፊ 1። ጆጎቹ ሰንሰለታቸው የተያያዘበት እጀታ ላይ ይሰበራሉ፤ ቀጣዮቹ በእጀታው ሳይሆን ከአንገታቸው በሽቦ ይታሰራሉ።

የ5ኛው መጸዳጃ ክፍል በር 4 ሚ.ሜ. ወርዷል፤ 3 ሚ.ሜ. የተውንለት ቀዳዳ አልበቃውም፣ ልጆቹም ያንን ክፍል ትተው በ6ኛው ይሰለፋሉ። የላይኛው ማጠፊያ ቅዳሜ ይበየዳል።